ቆሞ የከረመ ሞተር ሳይክል

ለዓመታት የቆመ ሞተር ሳይክል ስናገኝ እግራችን ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ማስነሻው ነው። አጎቴ ያማሃ ዲቲ 125ቱን አድስልኝ ብሎ አማና ሲሰጠኝ እኔም ደጋግሜ መታሁት፤ ሲሊንደሩን ጫርኩት።

በቆመ ሞተር ውስጥ ፋሻውና የሲሊንደሩ ግድግዳ ይዝጋሉ። በኃይል ሲመታ ዝገቱ ግድግዳውን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ካንዴላውን ፍቱ፤ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጨምሩና አሳድሩት። በማግስቱ ከፍተኛውን ማርሽ አስገብታችሁ የኋላ ጎማውን በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። እምቢ ካለ አታስገድዱት፤ ዘይት ጨምራችሁ ጠብቁ።

የቆየ ቤንዚን ደርቆ እንደ ሙጫ ስለሚሆን የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ካርቡሬተሩን ፈታችሁ እጠቡት፤ በሽቦ ግን አትጎርጉሩ፣ ቀዳዳው ይሰፋል።

ዲቲ 125 ቱ ስትሮክ ስለሆነ ዘይት የሚያገኘው በትንሽ ፓምፕ ነው። ፓምፑ መሥራቱ እስኪረጋገጥ በ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ገደማ የቱ ስትሮክ ዘይት ቀላቅሉ። ጭሱ ይበዛል፤ ይብዛ።

ሲሊንደሩ አሁን እንዲሰፋ ቶርኖ ቤት ገብቷል፤ በልኩ ተለቅ ያለ ፒስተንም እየፈለግኩ ነው። ለአጎቴ የነገርኩት ትናንት ነው፤ ሂሳቡ የእኔ ነው።