ቀን ለተቆረጠላት ልጄ

ልጄ፣ ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና እንድትወልጂ ቀን ቆርጦልሻል። «ምጥ ያላየች ምኑን ወለደች» የሚልሽን አትስሚ፤ ለልጇ ብላ ሆዷን የምታስከፍት ሙሉ እናት ናት። ምጥ ቀጠሮ የለውም፤ ያንቺ ቀን ግን ታውቋል። እስከዚያ ተዘጋጂበት።

1. መውጫሽን አስቢ። በሐረር ከፈላና በር ወደ ውስጥ ያሉት የጀጎል መንገዶች ጠባብ ናቸው፤ ብዙዎቹ መኪና አያስገቡም። ቀጠሮሽ ሕይወት ፋናም ይሁን ጀጎል ሆስፒታል፣ የባለ ባጃጁን ስልክ ያዢ፤ እስከ በሩ ማን ደግፎ እንደሚያወጣሽም ወስኚ። ከቀኑ በፊት ምጥ ከጀመረሽ፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰሽ ወይም ደም ካየሽ ሌሊትም ቢሆን ሂጂ።

2. ደምሽን እወቂ። የደም ዓይነትሽንና የደም ማነስ ምርመራሽን ጠይቂ። የታዘዘልሽን አይረን አታቋርጪ። ዘመዶችሽ ቀድመው ለደም ባንክ ቢለግሱ ለሌላዋም እናት ይተርፋል።

3. የእጅ ጥፍርሽን ሂና አትቀቢ። ጣትሽ ላይ የሚሰካው መሣሪያ በደምሽ ያለውን ኦክስጅን የሚያነበው በጥፍርሽ በኩል ነው፤ ቀለሙ፣ በተለይ ጥቁሩ፣ ሊያሳስተው ይችላል። እግርሽን እንደ ልብሽ አስጊጪው። ወርቅሽን ቤት ተዪ። ሰውነትሽን ታጠቢ እንጂ ጸጉሩን በምላጭ አትላጪ፤ የተላጨ ቆዳ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል።

4. ጾመሽ ሂጂ። ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ንጹህ ውሃ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆማል፤ ሐኪምሽ ሌላ ሰዓት ካለሽ የእሱን ያዢ። ሆድ ውስጥ የቀረ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጫት የምትቅሚ ከሆነ ለማደንዘዣ ባለሙያው ሳታፍሪ ንገሪው፤ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይነካል። የምትወስጂውን መድኃኒትና ሰውነትሽን የሚያስቆጣውንም (አለርጂሽን) አትደብቂ።

5. መርፌውን አትፍሪ። ብዙ ጊዜ ወገብሽ ላይ ይሰጥሻል፤ ከወገብ በታች ትደነዝዣለሽ፣ አእምሮሽ ግን ንቁ ነው። መጎተትና መጫን ይሰማሻል፤ ካመመሽ ወዲያው ተናገሪ። ደህና ከሆናችሁ ልጁን በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት አስይዢው።

6. በመረዳጃ ማኅበርሽ በአፎቻ ላሉት እህቶችሽ ሥራ ስጪያቸው። ጥየቃቸው በረከት ነው፤ ግን ሙቅ ያፍሉ፣ ልብስ ይጠቡ፣ ውሃ ይቅዱ እንጂ ክፍልሽን አያጨናንቁ። ሐኪሙ ሲፈቅድልሽ ቶሎ ተነሥተሽ ተራመጂ። ለ6 ሳምንት ከልጅሽ የከበደ ነገር አታንሺ፤ ሆድሽንም ማንም አይሽው። ትኩሳት፣ የቁስል ሽታ፣ የበዛ ደም ወይም የአንድ እግር እብጠት ካየሽ ወደ ሆስፒታል ተመለሺ።

7. ወረቀትሽን አስቀምጪ። ማሕፀንሽ በምን አቅጣጫ እንደተቆረጠ የሚናገር ማስረጃ ለሚቀጥለው ሐኪም መንገድ ያሳየዋል። ዳግም ከማርገዝሽ በፊት ከ18 እስከ 24 ወር ቆዪ። የሚቀጥለውን ልጅ ቤት ውስጥ ለመውለድ አትሞክሪ፤ ጠባሳው በምጥ ሊከፈት ይችላል፤ ያን ጊዜ እናትንም ልጅንም የሚያድነው የቀዶ ሕክምና ክፍል ብቻ ነው።