የሙሽሪት ልብስና የምሥጢረ ተክሊል ክብር

(ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የተዘጋጀ ትምህርት)



የጥር ወር ሲቃረብ፣ ከዚያም ዐቢይ ጾም አልፎ የትንሣኤ በዓል ሲከበር፣ በየቁምስናችን የሠርግ ዝግጅት ይበዛል። በዚህ ጊዜ የተጫጩ ወጣቶች ወደ ካህኑና ወደ ትምህርተ ክርስቶስ መምህሩ ቀርበው ልዩ ልዩ ጥያቄ ያቀርባሉ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የብዙ ቤተሰብን እንቅልፍ የሚነሣ ነው፤ ይኸውም «ሙሽሪት ምን ትልበስ?» የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ «ሥጋዊ ነገር ነው» ብሎ ማለፍ ለመምህር ይቀላል። ሆኖም ከዚህ በታች እንደምናየው የልብስ ነገር አንዳንድ ጊዜ ሰውን ከምሥጢር ደጃፍ የሚያስቀር ዕንቅፋት ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የሙሽሪት ልብስ የምሥጢረ ተክሊል ማጀቢያ እንጂ ቅድመ ሁኔታ አለመሆኑን እናስረዳለን፤ ቀጥሎም ልከኛ ሆኖ ያማረ ልብስ እንዴት እንደሚመረጥ እንመለከታለን።

ሀ. በአንዲት ጸሎት ቤት የገጠመኝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አገለግልባት በነበረች አንዲት የገጠር ጸሎት ቤት ሦስት ልጆች የወለዱ ባልና ሚስት ነበሩ። ትዳራቸው በሽማግሌ የተመሠረተ፣ በጎረቤትም ዘንድ የተመሰገነ ነበር፤ ሥርዓተ ተክሊል ግን አልፈጸሙም። ሴትዮዋ እሑድ እሑድ ከሁሉ ቀድማ መጥታ ጸሎት ቤቱን ትጠርጋለች፤ ቅዱስ ቁርባን በሚታደልበት ጊዜ ግን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትቀራለች። እኔም ነገሩ ከቸልተኝነት የመጣ መስሎኝ ባልዮውን ደጋግሜ ወቀስሁት። እርሱም ዘወትር «ዘንድሮ እህሉ ከገባ በኋላ» እያለ ይመልስልኝ ነበር። እህሉ ይገባል፤ ዓመቱም ያልፋል፤ ተክሊሉ ግን ለከርሞ ይተላለፋል።

በአንድ የጾም ቀን ሴትዮዋን ለብቻዋ አግኝቼ ምክንያቱን ጠየቅኋት። አንገቷን ደፍታ ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «አባ፣ ቬሎ ከየት አምጥቼ?» አለችኝ። ቬሎ የግድ እንዳልሆነ ብነግራት፣ «አሁን እንዲህ ይበሉ እንጂ፤ ያን ጊዜ የእነ እገሌ ልጅ ስታገባ በሕዝቡ ሁሉ ፊት ‹የቤተ ክርስቲያን ሠርግ ማለት እንዲህ ነው› ብለው አመስግነው የለም? እኔ በዚህች ቀሚሴ መጥቼ ምን ልባል ነው?» ስትል መለሰችልኝ።

የተናገርሁትን እኔ ረስቼው ነበር፤ እርሷ ግን አልረሳችውም። ያቺ ሙሽራ ከከተማ በተከራየችው ረጅም ቬሎ የመጣች ነበረች። እኔም እንግዶቹን ለማስደሰት ብዬ ሳላስብ የተናገርሁት ቃል ለዚህች እናት አጥር ሆኖባት ኖሯል። ባልዋን ስወቅስ የኖርሁት እኔው ራሴ ባጠርሁት አጥር ነበር።

ከትንሣኤ በኋላ በአንድ እሑድ ተክሊላቸው ተፈጸመ። እርሷም ለዓመት በዓል የምትለብሰውን የጥጥ ቀሚስ አጥባ ለብሳ፣ ነጠላዋን ተከናንባ መጣች፤ ታላቂቱ ልጃቸው ጧፍ ይዛ በፊታቸው ሄደች። በዚያ ቀን ስለ ልብሷ የተናገረ ሰው አልሰማሁም። ሕዝቡ ያየው ያቺ እናት ከኋላው ወንበር ተነሥታ ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል ወደ መንበሩ ስትቀርብ ነው።

ለ. ለምሥጢሩ የግድ የሚያስፈልገው ምንድን ነው?

የቤተ ክርስቲያን ሕግ በዚህ ነገር ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀውና የግእዝን ሥርዓት የምንከተለውን ሁሉ የሚመለከተው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና ሕግ በቁጥር 817 እንደሚያስተምረው፣ ጋብቻ የሚመሠረተው ወንድና ሴት በማይሻር ቃል ኪዳን ራሳቸውን ሲሰጣጡና ሲቀባበሉ በሚገልጡት ፈቃድ ነው። በቁጥር 828 ደግሞ ይህ ፈቃድ በካህን ቡራኬ፣ በቅዱስ ሥርዓትና ቢያንስ በሁለት ምስክሮች ፊት እንዲፈጸም ታዟል። ለላቲን ሥርዓት የሚያገለግለው የ1983ቱ ሕግም ስለ ፈቃዳቸውና ስለ ሁለቱ ምስክሮች ያዝዛል። ስለ ሙሽሪት ልብስ ዓይነት፣ ቀለምና ዋጋ ግን በእነዚህ አንቀጾች ውስጥ አንዳች ቃል የለም።

ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ቤተሰብ ፍቅር ባወጡት «አሞሪስ ላቲቲያ» በተባለው ሐዋርያዊ ምክር፣ በቁጥር 212፣ የጥሪ ወረቀቱ፣ ልብሱና ድግሱ የእጮኛሞችን ገንዘብና ጉልበት ብቻ ሳይሆን ደስታቸውንም እንደሚያሟጥጥ ገልጠው፣ ፍቅር ቅድሚያ የሚያገኝበትን ልከኛ ሠርግ ለመምረጥ እንዲደፍሩ መክረዋል። በዚያው ጽሑፍ በቁጥር 294 ደግሞ ሠርግ ውድ ነው ተብሎ በመታሰቡ ምክንያት ድኾች ያለ ምሥጢረ ተክሊል አብረው ለመኖር የሚገደዱባቸው አገሮች መኖራቸውን አመልክተዋል። ከላይ ያነሣናት እናት ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ይህ ሲባል ግን ቤተ ክርስቲያን ውበትን ትንቃለች ማለት አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 61 ላይ የደኅንነትን ደስታ የሚመስለው በጌጥዋ ባማረች ሙሽራ ነው። የዮሐንስ ራእይም በምዕራፍ 19 የበጉን ሙሽራ ንጹሕ ቀጭን በፍታ ያለብሳታል፤ በፍታውም የቅዱሳን የጽድቅ ሥራ መሆኑን ይተረጉምልናል። በአንጻሩ ጌታችን በተገኘበት በቃና ዘገሊላ ሠርግ፣ ወንጌላዊው የድንጋይ ጋኖቹን ቍጥር ሳይቀር ሲጽፍልን የሙሽሪትን ልብስ አላነሣም። እንግዲህ ውበት ለሠርግ ይገባል፤ ነገር ግን የሠርጉ ክብር በእርሱ አይለካም።

ሐ. ነጩ ልብስ ከየት መጣ?

ብዙ ወጣቶች ነጭ ቬሎ ከጥንት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን የታዘዘ ይመስላቸዋል። «ቬሎ» የሚለው ቃል የመጣው ከጣልያንኛ ሲሆን፣ በዚያ ቋንቋ ትርጉሙ ዐይነ ርግብ፣ ማለትም የራስና የፊት መሸፈኛ ነው፤ በአገራችን ግን የመላው ቀሚስ ስም ሆኖ ቀርቷል። በአውሮፓም ቢሆን አብዛኞቹ ሙሽሮች ያላቸውን የተሻለ ቀሚስ፣ ቀለሙ ምንም ይሁን ምን፣ ለብሰው ያገቡ ነበር። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 1840 ልዑል አልበርትን ስታገባ ነጭ ሳቲን ለበሰች። ከእርሷ አስቀድሞ በነጭ ያገቡ ቢኖሩም ነጩ ልብስ በሰፊው እየተለመደ የመጣው ከዚህ ሠርግ በኋላ ነው። በቀሚሷም ላይ የአገርዋ የእጅ ሥራ የሆነውን የሆኒተን ዳንቴል እንዲደረግ አድርጋለች፤ ይህም ሥራ የጠፋባቸውን የዳንቴል ሠሪ ሴቶች ለመደገፍ ነበር።

እንግዲህ የዛሬው ቬሎ ልማድ ሁለት መቶ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ለክርስቲያን ከዚህ የሚቀድም ሌላ ነጭ ልብስ አለ፤ እርሱም በጥምቀት ዕለት የለበስነው ነው። ሙሽሪት ነጭ ስትለብስ የምታስታውሰው ያን የመጀመሪያውን ልብስ ሊሆን ይገባል፤ ይህንም ለማስታወስ የውጭ አገር ቬሎም ሆነ የአገራችን ነጭ የጥጥ ቀሚስ እኩል ያገለግላል።

የአገራችን ልብስ ደግሞ የራሱ ክብር አለው። ጥጡን እናቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ፣ ማጉን እየወረወረ፣ ጥበቡን በክር ይጥለዋል። በጋሞ ደጋ የዶርዜ ሸማኔዎች፣ በአዲስ አበባም የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በዚህ ሙያቸው የታወቁ ናቸው። ቪክቶሪያ የአገርዋን ዳንቴል ሠሪዎች እንዳሰበች ሁሉ፣ የሸማኔን ልብስ የምትመርጥ ሙሽራም የአንድ ቤተሰብን እንጀራ ታስባለች።

መ. ልከኛና ያማረ ልብስ እንዴት ይመረጥ?

1. አስቀድሞ ቀኑ፣ ቀጥሎ ልብሱ። የተክሊሉ ቀን ከካህኑ ጋር ይወሰን፤ ልብሱ ለቀኑ ይዘጋጅ እንጂ ቀኑ ልብሱን አይጠብቅ። እጮኛሞቹ ወደ ሱቅ ከመሄዳቸው በፊት አብረው ተቀምጠው የሠርጉን ወጪና ከሠርጉ በኋላ ላሉት ወራት የሚያስፈልጋቸውን የቤት ኪራይ፣ የዕቃና የቀለብ ወጪ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ለልብስ የሚቀረው ገንዘብ ያን ጊዜ ይታወቃል። ለአንድ ቀን ልብስ ሲባል ዕዳ ውስጥ መግባት አይገባም፤ የመጀመሪያው የትዳር ጠብ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይነሣልና።

2. ጨርቁን መመርመር። ጥበብ የሚመስል በማተሚያ የተሠራ የፋብሪካ ጨርቅ በገበያ በዝቷል። ለመለየት ጨርቁን ገልብጦ ማየት ነው፤ የተሸመነ ጥበብ ክሩ በጀርባውም ይታያል፤ የታተመው ግን ጀርባው የደበዘዘ ነው። ቀለሙ የሚለቅ እንደ ሆነ እርጥብ ነጭ ጨርቅ በጥለቱ ላይ አሽቶ መፈተን ይቻላል። የእጅ ሽመና ጥጥ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ይህን ለሰፊው አስቀድሞ መንገር ይበጃል። ስስ ጨርቅ ከሆነም በፀሐይ ብርሃን ታይቶ ገበር ይደረግለት። በሠርግ ወቅት ሸማኔና ሰፊ ሥራ ስለሚበዛበት ትእዛዙ ቢያንስ ሁለት ወይም ሦስት ወር ቀድሞ ቢሰጥ መልካም ነው።

3. ስፌቱን ከሥርዓቱ ጋር ማስማማት። ሙሽሪት በቤተ ክርስቲያን ትቆማለች፣ ትሰግዳለች፣ ትንበረከካለች፣ ትቀመጣለች። ስለዚህ ልብሱን በምትለካበት ጊዜ በመስታወት ፊት ቆማ ማየት ብቻ አይበቃትም፤ ተንበርክካ ትነሣ፣ እጅዋን ዘርግታ ትሞክር፣ ደረጃ ትውጣ። ይህን ሁሉ ያለ ሰው እርዳታ ማድረግ ካልቻለች ልብሱ ለጸሎት አይመችም። ትከሻና ደረት የሚሸፍን ይሁን። በሥርዓታችን አክሊል በራስ ላይ ስለሚደፋና ካባም ስለሚደረብ የጸጉሩ ሥራ ከፍ ያለ፣ ትከሻውም የተቆለለ እንዳይሆን ያስፈልጋል።

4. አንድ ጌጥ መምረጥ። ጥለቱ በአንገት ላይ የበዛ ከሆነ ሐብሉ ይቅር፤ ሐብሉ ከተፈለገ አንገቱ ሜዳ ይሁን። ዐይን የሚያርፍበት አንድ ቦታ ሲያገኝ የሙሽሪት ፊት ይታያል። ቅዱስ ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ በምዕራፍ 3 ለሚስቶች ከውጭ ጌጥ ይልቅ የዋህና ዝግ ያለ መንፈስን ያስቀደመው ይህ ውበት ስለማያረጅ ነው።

5. ኪራይና ውሰት። ቬሎ የምትወድ ሙሽራ ልትወቀስ አይገባም። ቢሆንም ለአንድ ቀን ከመግዛት መከራየት ወይም ከእኅት መዋስ አስተዋይነት ነው። ስትከራይም አስቀድማ ትለካው፤ ስለ መያዣው ገንዘብ፣ ቢቆሽሽ ወይም ቢቀደድ ስለሚከፈለው፣ ስለሚመለስበትም ቀን በጽሑፍ ትዋዋል።

6. ከሠርጉ በኋላ ማሰብ። የጥጥ ቀሚስ ለዓመት በዓል፣ ለልጆች ክርስትናም ይለበሳል። ጣልያናዊቷ ሐኪምና እናት ቅድስት ጃና ቤሬታ ሞላ እ.ኤ.አ. መስከረም 24 ቀን 1955 ስታገባ ለቀሚሷ መልካም ጨርቅ የመረጠችው፣ ከልጆችዋ አንዱ ካህን ቢሆን ከጨርቁ የቅዳሴ ልብስ እንዲሠራለት አስባ እንደ ነበር ይነገራል። ጨርቁን ስትመርጥ ከዚያች ቀን አልፋ ታይ ነበር ማለት ነው።

ሠ. የቤተሰብና የማኅበረ ምእመናን ድርሻ

ብዙ ጊዜ ልብሱን የሚያስወድደው የሙሽሪት ምኞት ሳይሆን የዘመድ ዐይን ነው። የሙሽራው ወገን በጥሎሽ ላይ፣ የሙሽሪት ወገን በመልሱ ላይ «ከእነ እገሌ እንዳናንስ» ይላል። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን «ስንት አወጣችሁ?» ከማለት «ተዘጋጃችሁን?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ሚዜዎችም አንድ ዓይነት አዲስ ልብስ እንዲያሰፉ ባይገደዱ ይሻላል፤ የማይችለው ጓደኛ በልብሱ ምክንያት ከወዳጁ ሠርግ እንዳይቀር።

የሴቶች ማኅበራት ደግሞ በየቁምስናው ሁለት ሦስት ንጹሕ ነጭ ቀሚሶችና አንድ ካባ አዘጋጅተው ለሚያስፈልጋቸው ቢያውሱ ትልቅ ምጽዋት ነው። ይህም የሚዋሰው ሰው እንዳያፍር በምስጢር ይደረግ። እኛም ካህናትና መምህራን በመንበሩ ፊት የሙሽሮችን ቃል ኪዳን እናመስግን፤ ስለ ልብሳቸው ግን ዝም እንበል። ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተምሬ ነው።

በመጨረሻ፣ ተክሊል ሳይፈጽሙ የሚኖሩ ጎረቤቶች ካሉን ከመፍረዳችን በፊት ምክንያታቸውን በለዘበ አንደበት እንጠይቅ። ምናልባት መልሱ አንዲት ቀሚስ ትሆናለች። እግዚአብሔር አምላክ ሁላችንንም በጥምቀት የለበስነውን ልብስ በንጽሕና እንድንጠብቅ ይርዳን። አሜን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን በሠርግ ወጪ ምክንያት ተክሊላቸውን ያዘገዩ ቤተሰቦች አሉን? ስማቸውን ሳናነሣ ምን ልንረዳቸው እንችላለን?

2. ለምሥጢረ ተክሊል የግድ የሚያስፈልጉትንና በልማድ የተጨመሩትን ነገሮች ለይታችሁ ዘርዝሩ።

3. የጥምቀትን ነጭ ልብስ ከሙሽሪት ልብስ ጋር አያይዛችሁ ለእጮኛሞች እንዴት ታስረዳላችሁ?