አዲሷ ርእሰ መምህርት በወላጆች ፊት

ሀ. መንደርደሪያ

ራስን የማስተዋወቅ ንግግር አጭር ስለ ሆነ ቀላል ይመስላል። ስምን፣ ሥራንና የመጡበትን ስፍራ ተናግሮ መቀመጥ ብቻ ይመስላል። ተናጋሪው አዲስ ርእሰ መምህር፣ አድማጮቹ ደግሞ ወላጆች ሲሆኑ ግን ነገሩ ይከብዳል። ወላጅ ወደ ስብሰባው የሚመጣው ስም ለመስማት አይደለም፤ «ልጄን ያስረከብሁት ለማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ ነው።

ይህ ጥያቄ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በተለይ የጠነከረ ነው። አገሩ ከጉና ተራራ ደጋ ተነሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላዎች የሚወርድ፣ ገደልና ሸለቆ የሚበዛበት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለመማር ብዙ የገጠር ልጆች እንደ ንፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ወዳሉ ከተሞች መጥተው፣ ሁለት ሦስት ሆነው ቤት ተከራይተው ይቀመጣሉ። ስንቃቸውን ከቤታቸው እያመጡ ይማራሉ። እንዲህ ያለው ወላጅ ልጁን የሚያየው በሳምንቱ መጨረሻ ነው፤ በቀሩት ቀናት ልጁን የሚያውቅለት ትምህርት ቤቱ ነው።

አዲስ የትምህርት ቤት ኀላፊን በጥርጣሬ መመልከት በአገራችን የቆየ ነገር ነው። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ዘመናዊው ትምህርት ሃይማኖትን ይጎዳል የሚል ሥጋት ከቤተ ክህነት ወገን ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ መምህራን ከግብፅ ኦርቶዶክሳውያን መካከል ተመርጠው በሐና ሳሊብ መሪነት መጡ። ወላጅ የማያውቃቸውን ሰዎች በሚያውቀው ሃይማኖት በኩል እንዲቀበላቸው መታሰቡ ነው። የማስተዋወቅ ንግግርም ጥበቡ ከዚህ ይጀምራል፤ ተናጋሪው አድማጩ አስቀድሞ ከሚያውቀውና ከሚያከብረው ነገር መነሣት አለበት።

ለ. ምንባብ

ከዚህ በታች ያለው ንግግር ለዚህ ትምህርት ምሳሌ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። ተናጋሪዋ በጋይንት ወደሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዲስ የተዛወሩ ርእሰ መምህርት ናቸው። ጊዜው መስከረም ነው። በመጀመሪያ በልባችሁ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት።

«የተከበራችሁ አባቶቼና እናቶቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

«ስሜ .................... ይባላል። የተወለድሁት በእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ የግማሽ ቀን መንገድ በሚያስኬድ ቀበሌ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከሁለት የመንደሬ ልጆች ጋር ቤት ተከራይቼ፣ ዓርብ ማታ ወደ ቤተ ሰቦቼ እየሄድሁ፣ እሑድ ስንቄን ተሸክሜ እየተመለስሁ ተማርሁ። ስለዚህ ልጆቻችሁ ሰኞ ጧት ለምን እንደሚያንቀላፉ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም። አሥራ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። በርእሰ መምህርትነት ስሠራ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

«ወደዚህ አገር የመጣሁት ትምህርት ምን እንደ ሆነ ልነግራችሁ አይደለም። ቤተ ልሔም ድጓን፣ ዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕትን ሲያስመሰክሩ የኖሩት በዚሁ በጋይንት ነው። ተማሪ ከቤቱ ርቆ፣ ተርቦና ተጠምቶ መማሩን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

«አሁን የማደርገውን ልናገር። ልጃችሁ ሁለት ቀን በተከታታይ ከትምህርት ከቀረ፣ በሦስተኛው ቀን እኔ ራሴ መልእክት እልክባችኋለሁ፤ ስልክ ላለው በስልክ፣ ለሌለው በቀበሌው ሰው በኩል። ረቡዕ ረቡዕ ከቀትር በኋላ ቢሮዬ ተቀምጬ ወላጅ እጠብቃለሁ። ለመምጣት የልጁ ጥፋት አያስፈልግም። የማልችለውንም ልናገር፤ የመጻሕፍትን እጥረት በዚህ ዓመት እጨርሳለሁ ብዬ ቃል አልገባም። አንድ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ እንደሚደርስ ቆጥሬ በኅዳሩ ስብሰባ እነግራችኋለሁ።

«ከእናንተ የምለምነው አለኝ። አዝመራ ሲሰበሰብ የልጁ ጉልበት እንደሚያስፈልጋችሁ አውቃለሁ፤ ሳትነግሩኝ ግን አታስቀሩብኝ። ባለፉት ዓመታት በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ተቋርጦ ብዙ ልጆች ጊዜያቸው ባክኖባቸዋል። ሴት ልጃችሁን ለመዳር ሽማግሌ የመጣባችሁም ብትኖሩ፣ ሕጉ ከ18 ዓመት በፊት ጋብቻን እንደሚከለክል አትዘንጉ፤ ለሽማግሌዎቹ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት እኔን አነጋግሩኝ።

«ስለ አዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። አሁን ተቀምጬ የእናንተን እሰማለሁ።»

ሐ. ማብራሪያ

ርእሰ መምህርቷ ስለ ራሳቸው የተናገሩት ጥቂት ነው፤ የመረጡት ግን በሙሉ ለአድማጩ የሚጠቅም ነው። የተማሩበትን ኮሌጅና ያገኙትን የምስክር ወረቀት አልዘረዘሩም። ስንቅ ተሸክመው መመላለሳቸውን ግን አልተዉም፤ በአዳራሹ የተቀመጠ ወላጅ ሁሉ ይህን ያውቀዋልና። በርእሰ መምህርትነት አዲስ መሆናቸውንም አልደበቁም። አንዳንድ ተማሪዎች ይህን እንደ ድክመት ሊቆጥሩት ይችላሉ። ዳሩ ግን ከሌላ ሰው አፍ ቢሰማ ሐሜት የሚሆነው ነገር ከባለቤቱ አፍ ሲወጣ መረጃ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ንግግር ከሚከተለው ጋር አነጻጽሩ፦

«በዚህ ዓመት የተማሪዎች ሥነ ሥርዓት ይጠበቃል። የመጻሕፍት ችግር ይፈታል። ከወላጆች ጋር ያለው ግንኙነት ይጠናከራል።»

በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች የሰዋስው ስሕተት አይገኝም። ሆኖም ማን ይጠብቃል? ማን ይፈታል? ግንኙነቱን የሚያጠናክረውስ ማን ነው? ወላጁ በኅዳር ተመልሶ «ምን ተደረገ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ተጠያቂ ሰው አያገኝም። ይህም የሆነው ግሦቹ ሁሉ ተገብሮ በመሆናቸው ነው።

ገቢር ግሥ ድርጊቱን ፈጻሚውን ባለቤት ያደርጋል። ተገብሮ ግሥ ግን ድርጊቱ የተፈጸመበትን ባለቤት አድርጎ አድራጊውን ይሰውራል። በኀላፊ ጊዜ ተገብሮ በ«ተ» ይታወቃል፤ ፈታ፣ ተፈታ፤ ከፈተ፣ ተከፈተ። በትንቢት ጊዜ ግን «ተ» ትጠፋለች፤ ይከፍታል፣ ይከፈታል። አንዳንድ ጊዜ ልዩነቱ ከጽሑፉ ላይ ፈጽሞ አይታይም። «ችግሩን ይፈታል» እና «ችግሩ ይፈታል» በሚሉት ውስጥ ግሡ የተጻፈው በአንድ ዓይነት ፊደል ነው። በመጀመሪያው «ፈ» ላልታ፣ በሁለተኛው ጠብቃ ትነበባለች። ለዓይን የሚረዳው ምልክት በተሳቢው ላይ ያለችው «ን» ናት። ንግግር ከወረቀት የሚያነብ ሰው ይህን ካልተጠነቀቀ የራሱን ቃል ኪዳን በአንደበቱ ይለውጠዋል።

ይህ ማለት ተገብሮ አይጻፍ ማለት አይደለም። «ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል» በሚለው ውስጥ ማን እንደሚዘጋው ማወቅ ለማንም አያስፈልግም። ቃል ሲገባ ግን አድራጊው መታወቅ አለበት። «እናደርጋለን» የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል፤ በአማርኛ «እኛ» አድማጩን የሚጨምርበትም የማይጨምርበትም ጊዜ አለ። «እኔና መምህራኑ» ወይም «ከእናንተ ጋር ሆነን» ብሎ መለየት ይሻላል።

ከንግግሩ በኋላ አንድ አዛውንት ተነሥተው ቢጠይቁ፣ መልሱ በ«አንቱ» ወይም በ«እርስዎ» ይሁን። በአደባባይ «አባቶቼ» የተባሉ ሰው ለብቻቸው ሲነጋገሩ «አንተ» ቢባሉ፣ የመጀመሪያው አክብሮት ለይምሰል እንደ ነበር ይቆጥሩታል።

መ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ ርእሰ መምህርቷ ቃል የገቡባቸውን ግሦች አውጥታችሁ ጻፉ። ገቢር ወይስ ተገብሮ መሆናቸውን ለዩ።

2. የሚከተሉትን ወደ ገቢር ለውጡ፤ አድራጊውን ራሳችሁ ስጡ።
ሀ) የቤተ መጻሕፍቱ በር በየቀኑ ይከፈታል።
ለ) የቀሩ ተማሪዎች ስም ይመዘገባል።
ሐ) የውኃው ችግር ይፈታል።

3. «ይሠራል» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ አላልታችሁ፣ አንድ ጊዜ አጥብቃችሁ እያነበባችሁ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

4. ከስማዳ ቆላ ወደ ወገዳ ልጃቸውን የላኩ እናት በስብሰባው ላይ ተነሥተው «ልጄ በተከራየችበት ቤት ሌሊት ማን ይጠብቅልኛል?» ብለው ጠየቁ እንበል። ርእሰ መምህርቷ የሚችሉትንና የማይችሉትን ለይተው የሚመልሱትን በአንድ አንቀጽ ጻፉ። ጽሑፋችሁን ለጎረቤታችሁ ስጡ፤ እርሱም በእናቲቱ ቦታ ሆኖ አንብቦ፣ ያልተመለሰለትን ጥያቄ ከግርጌው ይጻፍበት።