ለየቲም ልጅ የዘወትር ካፖርት ስንመርጥ



ለየቲም ልጆች ልብስ የምንገዛ ሰዎች ብዙ ጊዜ ዓይናችን የሚያርፈው በቀለሙና በዋጋው ላይ ነው። ልጁ ግን ልብሱን የሚፈልገው ለብርድ ነው። በመሆኑም በዚህ ትምህርታችን በአንበሳሜና ከእርሷ ከፍ ብለው በሚገኙት በደብረ ታቦርና በጉና ዙሪያ ለሚኖር ልጅ የሚስማማ የዘወትር ካፖርት ወይም ጃኬት እንዴት እንደሚመረጥ እንመለከታለን።

ብርዱን ማወቅ

ከሁሉ አስቀድሞ ብርዱን ማወቅ ይገባል። ከፍታ 1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ደብረ ታቦር ከ2600 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ የጉና ተራራ ጫፍ ደግሞ ከ4000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ለአንበሳሜ ልጅ የበቃ ልብስ ለፋርጣ ወይም ለጋይንት ልጅ ላይበቃ ይችላል።

ብርዱም ሁለት ዓይነት ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት ታጣለች፤ በደጋውም ንጋት ላይ ውርጭ ይታያል። ይህ ደረቅ ብርድ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሚመጣው ደግሞ ከዝናብና ከጉም ጋር የሚመጣ እርጥብ ብርድ ነው። ሰውን የሚያሞቀው በጨርቁ ክሮች መካከል ታምቆ የሚቆየው አየር በመሆኑ ጋቢ ደረቁን ብርድ በሚገባ ይከላከላል። ጥጥ በረጠበ ጊዜ ግን የአየሩን ቦታ ውኃ ይይዘዋል፤ ከብት ሲጠብቅ ዝናብ የመታው ልጅም ጋቢ ለብሶ ይንቀጠቀጣል።

የጨርቁ ዓይነት

አባቶቻችን በርኖስና ባና ከበግ ጠጉር መሥራታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ቢይዝ እንኳ ሙቀቱን ፈጽሞ አያጣም። ከናይለንና ከፖሊስተር የተሠራ ጃኬት ደግሞ ቀላል ነው፤ ፈጥኖም ይደርቃል። ሆኖም እሳት ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ስለሚጣበቅ ልጁ ወደ ምድጃ ሲጠጋ እንዲያወልቀው ማስተማር ያስፈልጋል። ከውስጥ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ንፋስና ዝናብ የማያሳልፍ ጃኬት መደረብ ለሁለቱም ብርዶች ይሆናል። ቀን ሲሞቅም አንዱን ማውለቅ ይቻላል።

በገበያ የሚደረግ ምርመራ

በመጀመሪያ፣ ጨርቁን ወደ አፍ አስጠግቶ እፍ ማለት ነው፤ ትንፋሹ በወዲያኛው ወገን ለእጅ ከተሰማ ንፋስ ያስገባል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጎ መጠበቅ ነው፤ ወዲያው ከሰረገ ለክረምት አይሆንም። በሦስተኛ ደረጃ፣ ስፌቱን በሁለት እጅ ሳብ ማድረግ፣ ዚፑንም ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት ነው። ቁልፍ ቢበጠስ በቤት ይተከላል፤ ዚፕ ሲበላሽ ግን ልብስ ሰፊ ይፈልጋል። በአራተኛ ደረጃ፣ ልጁ በሹራብ ላይ ለክቶት ሁለቱን እጆቹን ወደ ላይ ያንሣ፤ ወገቡ ከተገለጠ ካፖርቱ አጥሯል። ለከርሞ እንዲደርስ እጅጌው ረዘም ብሎ ቢታጠፍ መልካም ነው፤ እጅግ የሰፋ ካፖርት ግን ንፋስ ያስገባል። በመጨረሻም፣ በአንገቱ ዙሪያ የሚንጠለጠል ገመድ ካለው ይውጣለት። እንዲህ ያለው ገመድ ተይዞ ሕፃናትን አንቆ በመግደሉ የአሜሪካ የምርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ1996 እ.ኤ.አ. መመሪያ አውጥቶበታል።

ንጽሕናውም ከምርጫው ጋር ይታሰብ። በሀገራችን ደጋማ ስፍራዎች የታወቁት ተስቦና ግርሻ በልብስ ቅማል የሚተላለፉ ናቸው፤ ቅማሉም የሚኖረውና እንቁላሉን የሚጥለው በስፌት ውስጥ ነው። ስለዚህ በጣም የሞቀ ውኃ የሚችል ልብስ ይመረጣል። ሙቅ ውኃ የማይችለውን ሱፍ በላስቲክ ከረጢት አሽጎ ለ2 ሳምንት ማቆየት ቅማሉን ከነእንቁላሉ ያጠፋዋል።

ካፖርቱ ከተሰጠ በኋላ

ሱረቱል በቀራ በ267ኛው አንቀጽ ራሳችን ቢሰጠን የማንወደውን ነገር ለይተን እንዳንለግስ ያስተምረናል። ዚፑ የተበላሸ፣ ገበሩ የተቀደደ ጃኬት ለየቲም ይበቃል ማለት ከዚህ ትምህርት ጋር አይስማማም። በሌላ በኩል ከመጠን በላይ ያማረ ካፖርትም ልጁን አይጠቅምም፤ ለዒድ ይቀመጥ ተብሎ በሣጥን ይቆለፍበታልና። ስለዚህ እድፍ የሚችል፣ ሌሎች ልጆች ከሚለብሱት የማይለይ ይሁን። በጀርባው ላይ የሰጪውን ስም መጻፍም ልጁን በየመንገዱ የቲም መሆኑን እንዲያስታውቅ ማድረግ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው በአሳዳጊው ቤት የሚገጥመው ነው። አጎት የወንድሙን ልጅ ከአራት ልጆቹ ጋር ያሳድጋል እንበል። ካፖርት የተሰጠው ለየቲሙ ብቻ ከሆነ፣ ሌሎቹ በብርድ እያዩት እርሱ እንዴት ደስ ብሎት ይለብሰዋል? አሳዳጊውስ የራሱ ልጅ ሲንቀጠቀጥ ምን ያድርግ? ሱረቱን ኒሳእ በ2ኛው አንቀጽ የየቲምን መልካም ንብረት በመጥፎ መለወጥን ይከለክላል፤ ሱረቱል በቀራም በ220ኛው አንቀጽ የቲሞችን ወንድሞቻችን ይላቸዋል። ስለዚህ ካፖርቱ የየቲሙ ነው፤ ለሌላ ልጅ በአሮጌ አይለወጥም። ሰጪዎችም ከመግዛታችን በፊት በቤቱ ስንት ልጅ እንዳለ እንጠይቅ፤ አቅም ከተገኘ ለሌሎቹ ሹራብ እንጨምር። ገንዘቡ ካልበቃ በካፖርቱ ውበት ላይ የምናወጣውን ቀንሰን ለቤቱ ልጆች ማካፈል ይሻላል። የቲሙ ያለ ሐፍረትና ያለ ቅናት በየማለዳው የሚለብሰው ካፖርት ይህን የመሰለው ነው።

አላህ መልካም ሥራችንን ይቀበለን። አሚን።