የተለወጠው የአባቴ ሽቶ

ጥያቄ፦ አባቴ ይቀባው የነበረውን፣ እንጨት እንጨት የሚል ሽቶ ከአሮጌ ሣጥን አገኘሁ። በገበያ ያለው አዲሱ ግን አይመስለውም። አፍንጫዬ ተለውጦ ይሆን? (ከሚዛን ተፈሪ)

መልስ፦ አፍንጫዎን አይጠራጠሩ፤ የተለወጠው ቅመማው ሳይሆን አይቀርም። ለድሮዎቹ ሽቶዎች ጥልቀት የሚሰጣቸው ብዙውን ጊዜ ኦክሞስ (የዛፍ ሽበት ዓይነት)፣ አንዳንዴም ዝባድ ነበር፤ ዝባዱን ደግሞ ሽቶ ቀማሚዎች ከጎረቤትዎ ከከፋና ከጅማ ጥርኞች ያገኙት ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በ2017 እ.ኤ.አ. ኦክሞስ ውስጥ ያሉ ሁለት አለርጂ ቀስቃሽ ውህዶችን አገደ፤ የጥርኞቹ በጠባብ ጎጆ መታሰርም ተቃውሞ አስነሥቶ ቀማሚዎቹን ወደ ሰው ሠራሽ ሲቬቶን (የዝባድን ሽታ የሚሰጥ ውህድ) ወሰዳቸው፤ ለእንስሳቱ ሲባል ይህን እደግፋለሁ። «አሮጌው ተበላሽቶ ቢሆንስ?» ቢሉ፣ ሙቀትና ብርሃን ቀድመው የሚያጠፉት የሎሚውን ሽታ ነው፤ እንጨቱ ይቆያል። ስለዚህ ሁለቱን ተቀብተው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ያወዳድሩ፤ ጠርሙሱንም ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ያኑሩት።