ከእንጨትና ከጄሶ የቆመ ክብር

ፓሪስ፣ ሻንዜሊዜ ጎዳና አናት ላይ የቆመውን የድል ቅስት በፎቶም ቢሆን ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ናፖሊዮን ቅስቱ እንዲሠራ ያዘዘው እ.ኤ.አ. በ1806፣ አውስተርሊትስ ላይ የኦስትሪያንና የሩሲያን ጦር ድል በመታ ማግስት ነበር። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአራት ዓመት በኋላ አዲሲቱ ሙሽራ ማሪ ሉዊዝ ከኦስትሪያ መጥታ በዚያ በኩል ወደ ከተማዋ የምትገባበት ቀን ሲቆረጥ ግን ሥራው ከመሠረቱ ብዙም ከፍ አላለም ነበር። ንጉሠ ነገሥት ደግሞ ሙሽሪቱን በድንጋይ ክምርና በአሸዋ መካከል አያስገባም። ስለዚህ የሕንፃው ነዳፊ ዣን ሻልግረን በተጀመረው መሠረት ላይ የእንጨት አጽም አቁሞ፣ ሸራ ወጥሮ፣ ሸራውን ድንጋይ አስመስሎ አስቀባው። በኤፕሪል 1810 ሙሽሮቹ ያለፉበት ቅስት መጠኑ ልክ የታሰበውን ያህል ነበር፤ የጎደለው ድንጋዩ ብቻ ነው።

ሻልግረን ከዚህ ጥድፊያ ተጠቅሟል። በወረቀት ላይ የነደፈውን በእውነተኛ መጠኑ ቦታው ላይ ቆሞ ስላየው ንድፉን እንደገና አረመው። በዓመቱ ሞተ። ቅስቱ በድንጋይ ተሠርቶ ያለቀው በ1836፣ ናፖሊዮን በቅድስት ሄለና ደሴት በግዞት ከሞተ ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ሰውየው በሕይወቱ ያለፈው በሸራው ሥር ነው። በድንጋዩ ሥር ያለፈው በ1840 ወደ ፓሪስ የተመለሰው አስከሬኑ ነው።

ለበዓል ወይም ለእንግዳ መቀበያ ተብሎ የሚቆም፣ በዓሉ ሲያልፍ የሚፈርስ ቅስት በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተለመደ ነገር ነበር። ሐሳቡ የሮማውያን ነው። እነሱ ድል ላደረገ ገዢ በድንጋይ ይሠሩ ነበር፤ ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡት የአውሮፓ ከተሞች ደግሞ ንጉሥ ሊገባ ሲል ያንኑ በእንጨትና በሸራ ማስመሰል ለመዱ። 19ኛው ክፍለ ዘመን የጨመረው ብዛቱን ነው። ቀድሞ ንጉሥ በዕድሜ አንዴ ያይ የነበረ ከተማ፣ ባቡርና የእንፋሎት መርከብ ከመጡ ወዲህ ልዑሉም ልዕልቲቱም በየጊዜው ጎራ ይሉበት ጀመር። እንግዳው ለግማሽ ቀን ነው የሚመጣው፤ የሚሰጠውም የዝግጅት ጊዜ ጥቂት ሳምንት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ድንጋይ ጠርቦ የሚያቆም የለም። እኛም ልማዱን እናውቀዋለን፤ በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ቅስቶች ቆመው ነበር፣ ዛሬም ለጥምቀት በየሰፈሩ መንገዱን አቋርጦ በዘንባባና በሰንደቅ ዓላማ የሚያጌጠው በር የዚሁ ዘመድ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት የእንጨት ማማዎች ይቆማሉ፤ ከላይ በተጎበጠ ወይም ቀጥ ባለ አግዳሚ ይያያዛሉ። ጠላታቸው ነፋስ ነው፤ ረጅም ሆኖ ክብደት የሌለውን ነገር፣ ያውም ሸራ የለበሰውን፣ ነፋስ እንደ ጀልባ ሸራ ይገፋዋል። ስለዚህ ዋናው የአናጢው ሥራ የማይታየው ነው፦ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው ሰያፍ ማገር። አጽሙ ከጸና በኋላ ምን እንደሚለብስ የሚወስነው ገንዘብ ነው። ድሃ ከተማ የጥድ ቅርንጫፍና አበባ እያሰረ ይሸፍነዋል። የተሻለ ያለው ሸራ ወጥሮ ያስቀባል። ሀብታሙ ከተማ ደግሞ ቀራጺ ይጠራል።

ቀራጺ ሲጠራ የሚመጣው ጄሶ ነው። በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ የተወደደው ዘዴ ጄሶን እንደ ቃጫ ካለ ጭረት ጋር ማዋሐድ ነበር፤ ስታፍ ይሉታል። ሥራውን ኮርኒስ ሲሠራ ያየ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ቀራጺው መጀመሪያ ሐውልቱን በሸክላ አፈር ይሠራል፤ ከዚያ ላይ ቅርጽ ማውጫ ይነሣል፤ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ጄሶውና ጭረቱ በስሱ ይለሰናል። ሲደርቅ የሚወጣው ውስጡ ባዶ የሆነ ልባስ ነው፤ ጭረቱ ስለያዘው በመጋዝ ቢቆርጡት፣ በምስማር ቢመቱት አይፈረካከስም። በእንጨቱ አጽም ላይ ይመታል፣ መጋጠሚያው በእርጥብ ጄሶ ይደፈናል፣ ቀለም ይቀባል። ከመንገድ ማዶ ሆኖ የሚያየው ሰው እብነ በረድ ነው ብሎ ይምላል። በ1893 ቺካጎ ያስተናገደችው ዓለም አቀፍ ትርኢት ነጫጭ አዳራሾች የለበሱት ይህንኑ ነበር። ችግሩ ዝናብ ነው። ውሃ በመጋጠሚያው ሲገባ፣ ብርድ መጥቶ ውሃው በረዶ ሲሆን፣ የጀግናው አፍንጫ መጀመሪያ ይወድቃል።

ቅስቱ ዝም ብሎ የሚቆም ጌጥ አልነበረም፤ የሚያቆመው ወገን የሚናገርበት መድረክ ነበር። አንዳንዱ ንግግር ደስ የሚል ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1877 ጠቅላይ ሚኒስትሯን ዲዝሬሊን ልትጎበኝ ስትሄድ፣ በወንበር ሥራ የምትታወቀው ሃይ ዊኮም ከተማ ወንበር በወንበር ላይ ደራርባ በዋናው ጎዳና ላይ ቅስት ሠራችላት። ከዚህ የተሻለ የንግድ ማስታወቂያ አላውቅም።

አንዳንዱ ንግግር ግን ጠብ ነበር። በ1860 የ18 ዓመቱ የዌልስ ልዑል ካናዳን ሲጎበኝ፣ ኪንግስተን ከተማ ውስጥ የኦሬንጅ ማኅበር አባላት የራሳቸውን ቅስት አቆሙ። ማኅበሩ የፕሮቴስታንቶች ነው፤ የሚያከብረውም ፕሮቴስታንቱ ንጉሥ ዊልያም በ1690 አየርላንድ ውስጥ በካቶሊኩ ንጉሥ ላይ የተቀዳጀውን ድል ነው። ልዑሉ በዚያ ሥር ካለፈ ለአንዱ ወገን ወገነ ማለት ነው፤ የካቶሊክ ተገዢዎቹ ደግሞ ብዙ ናቸው። አብሮት የነበረው ሚኒስትር የኒውካስል መስፍን ቅስቱና ሰልፉ ካልቀሩ ልዑሉ አይወርድም አለ። ማኅበርተኞቹ እምቢ አሉ። መርከቡ ወደቡ ላይ እስከ ማግስቱ ጠበቀ፤ በመጨረሻም ልዑሉ የኪንግስተንን መሬት ሳይረግጥ መንገዱን ቀጠለ። የእንጨትና የቅጠል በር የንጉሥ ልጅ መለሰ።

ነገሩን ከሁሉ አጥርተው የሚያሳዩት ግን የኒውዮርክ ሁለት ቅስቶች ናቸው፤ በአሥር ዓመት ልዩነት፣ በአንዱ ፊፍዝ አቬኑ ላይ ቆሙ።

የመጀመሪያው የ1889ኙ ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን ቃለ መሐላ የፈጸመበት መቶኛ ዓመት ሲከበር፣ ሰልፉ በሚያልፍበት በዋሽንግተን አደባባይ አጠገብ ስታንፎርድ ዋይት የተባለው አርክቴክት ከእንጨትና ከጄሶ ቅስት ነደፈ። ገንዘቡ የመጣው ከመንግሥት አልነበረም፤ ዊልያም ራይንላንደር ስቱዋርት የተባለ የአካባቢው ነዋሪ ጎረቤቶቹን እየዞረ 2,765 ዶላር ሰበሰበ። ከላይ የዋሽንግተን የእንጨት ሐውልት ቆመ፣ ማታ ማታ የኤሌክትሪክ አምፖል በራ። በዓሉ ሲያልፍ ሕዝቡ ማፍረሱን አልወደደም። መዋጮው ቀጠለ፣ ያው አርክቴክት ቅስቱን በእብነ በረድ ነደፈው፣ 23 ሜትር ከፍታ ያለው ሕንፃም በ1895 ተመረቀ።

ሁለተኛው የ1899ኙ ነው። አድሚራል ጆርጅ ዱዊ በማኒላ ባሕረ ሰላጤ የስፔንን መርከቦች አቃጥሎ ሲመለስ፣ ማዲሰን አደባባይ ላይ በሮም ያለውን የቲቶ ቅስት አብነት ያደረገ ሥራ ቆመለት። ንድፉ የቻርልስ ላምብ ነው። የአገሪቱ ስመ ጥር ቀራጺዎች ያለ ክፍያ ሠሩለት፤ ከአናቱ ላይ የባሕር ፈረሶች የድልን መርከብ ይጎትታሉ። በጌጡ ከዋይት ቅስት የሚበልጥ እንጂ የሚያንስ አልነበረም። ይኸም በድንጋይ ይሠራ ተባለ፣ መዋጮ ተጀመረ። ገንዘቡ ግን አልሞላም።

ልዩነቱ የጄሶው አልነበረም፤ የሰውየው ነው። ዋሽንግተን ከሞተ 90 ዓመት ሆኖታል፣ ከእንግዲህ ማንንም አያስቀይምም። ዱዊ ግን በሕይወት አለ። ሕዝቡ አዋጥቶ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ የገዛለትን ቤት ወዲያው ላገባት ሚስቱ በስሟ አዞረላት፤ ሰው ተቆጣ። በ1900 ደግሞ ለፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ፣ ሥራውም ያን ያህል ከባድ አይመስለኝም አለ፤ ሰው ሳቀበት። ፊሊፒንስ ላይም ቀላል ድል የተባለው ነገር ወደ ረጅም ጦርነት ዞሯል። በዚህ መካከል ጄሶው ዝናብ ይጠጣ ነበር። ቅስቱ በ1900 ፈረሰ። ትላልቆቹ ሐውልቶች ቻርልስተን ወደሚካሄድ ትርኢት ተላኩ፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም።

ብዙ ጸሐፊዎች የዱዊ ቅስት መፍረሱን እንደ ኪሳራ ይጽፉታል። ለቀራጺዎቹ ድካም ካዘኑ እኔም አዝናለሁ። ለከተማው ግን ትልቅ ጥቅም ነበር ባይ ነኝ፦ በሞቅታው ሳምንት ድንጋይ ተተክሎ ቢሆን ኖሮ፣ ሞቅታው ሲበርድ የሚያነሣው አይገኝም ነበር። ጄሶው ለኒውዮርክ ሰዎች አንድ ዓመት የማሰቢያ ጊዜ ሰጣቸው፤ እነሱም አስበው ገንዘባቸውን ያዙ። ትክክል ነበሩ።