በጋላክሲዎች መካከል ያለው ጋዝ ከባድ ንጥረ ነገሮችን ከየት አገኘ?

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የሚታየው አፈር ቀይ መልክ ያለው በውስጡ ባለው የብረት ኦክሳይድ ምክንያት ነው። ብረቱ የተገኘው የጮቄን ተራራ ከሠራው የእሳተ ገሞራ ዐለት ነው። ይሁንና ብረትን የሠራችው ምድር አይደለችም። ታዲያ ከየት አገኘችው?

ከታላቁ ፍንዳታ በኋላ በነበሩት ጥቂት ደቂቃዎች የተፈጠሩት፣ በክብደት ሲሰላ፣ 75 በመቶ ገደማ ሃይድሮጅን፣ 25 በመቶ ገደማ ሂሊየምና እጅግ ጥቂት ሊቲየም ነበሩ። ከሂሊየም የከበዱትን ሁሉ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በጅምላ «ብረታት» ይሏቸዋል (ኦክስጅንን ብረት ማለት የኬሚስትሪ መምህራንን ሳያስቆጣ አይቀርም)። እነዚህ በአብዛኛው የከዋክብት እምብርትና የሱፐርኖቫ ፍንዳታ ውጤቶች ናቸው።

ከዋክብት የሚገኙት በጋላክሲዎች ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ በጋላክሲዎች መካከል ባለው እጅግ ስስ ጋዝ ውስጥም ካርቦን ተገኝቷል። ይህ በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በሐዋይ የሚገኘው የኬክ ቴሌስኮፕ የሩቅ ኩዌዛሮችን ብርሃን ሲተነትን ነው። የኩዌዛር ብርሃን ወደ እኛ ሲጓዝ የሚያቋርጣቸው የጋዝ ደመናዎች የተወሰኑ የሞገድ ርዝመቶችን ይውጣሉ። ሦስት ኤሌክትሮኖቹን ያጣ ካርቦን በ154.8 እና በ155.1 ናኖ ሜትር ላይ ሁለት ጥቁር መስመሮችን ይተዋል። ከዚያ ወዲህ ሕዋ 4 እጥፍ ከሰፋ፣ መስመሮቹ የሚደርሱን በ619 እና በ620 ናኖ ሜትር አካባቢ፣ ማለትም በቀዩ ብርሃን ውስጥ ነው። መንትያነታቸው ስለማይለወጥ ካርቦንን ከሌላ ጋር ማምታታት ያዳግታል። የተገኘው መጠን ግን በፀሐይ ካለው ከመቶ እስከ ሺህ ጊዜ ያነሰ ነው።

ተሸካሚው ነፋስ ነው። ግዙፍ ከዋክብት በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ይፈነዳሉ፤ ፍንዳታቸው ሲደራረብ ጋዙ በሚሊዮን በሚቆጠር ዲግሪ ግሎ ከጋላክሲው ይወጣል። በቅርባችን ካለው ኤም 82 ከተባለው ጋላክሲ ዛሬም ጋዝ በሰከንድ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲወጣ ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ጋላክሲዎች ትንንሾች ስለነበሩ ስበታቸው ደካማ ነበር፤ ሕዋም ገና ስላልሰፋ ተቀራርበው ይኖሩ ነበር። ስለዚህ ዋነኞቹ ዘሪዎች እነርሱ ናቸው ማለት ለዚህ ጸሐፊ አሳማኝ ነው፤ ምንም እንኳ የኋለኞቹ ትልልቅ ጋላክሲዎች ድርሻ ዛሬም የሚያከራክር ቢሆን።

እ.ኤ.አ. በ2025 በቺሊ የሚገኘው የአልማ ቴሌስኮፕ ከታላቁ ፍንዳታ 300 ሚሊዮን ዓመት እንኳ ሳይሞላ በነበረ ጋላክሲ ውስጥ ኦክስጅን መገኘቱን አሳየ። ኦክስጅን ቶሎ ከሚሞቱት ግዙፍ ከዋክብት ስለሚመጣ ይቀድማል። ብረት ግን በብዛት የሚመነጨው ነጭ ድንክ ከተባሉት፣ ለመፈንዳት ረጅም ጊዜ ከሚወስዱ ከዋክብት ነው። ፀሐይና ምድር ከ4.6 ቢሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ሲሠሩ ግን እርሱም ደርሶ ነበር።